ዓይኑ ሲጨፈን

ሕልፍ ማለት ይህች ናት፣ የመሲራ ደሴት ጫፍ፣
ባሕር በሦስት በኩል የሚያንኳኳት በራፍ።
ሳምንቱን በሙሉ ውኃዋን አተኮሰው፣
ኸልፋን ከጀልባው ላይ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፤
እንደ ሕፃን ግንባር መዳፉን ጫነበት፣
«እናቴ፣ ይሄ ባሕር ትኩሳት አለበት።»

ሙዝና አልመለሰች። ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፣
አፍንጫዋ ነው እንጂ የመጣውን ያየ፤
ሰማዩን አሸተተች፣ ጉልበቷን አሻሸች፣
«የዛሬ ስንት ዓመት…» ብላ ጀምራ ተወች።

እኔ ከነአድ ዓሣ በጨው አሽቼ
ከገመዱ ላይ ሳሰጣ ወጥቼ፣
ነፋስ እፍ አይልም፤ ጨርቁ ቀጥ ብሏል፣
ፍየሎቹ ብቻ ወደ ኮረብታው ሸሽተዋል።

ራዲዮው በዐረብኛ ቁጥር ይደረድራል፣
ከዚህ ይህን ያህል፣ በሰዓት ይህን ያህል ይበራል፤
እኔ የገባኝ ግን እንዲህ ነው በአጭሩ፦
ሩቅ ነው የተረገዘው፣ ከሞቀው ባሕሩ።
አንዲት ጭብጥ ነፋስ፣ የማትረባ ቁራጭ፣
እንደ መዥገር ተጣብቃ ሙቀቱን መጣጭ፣
ጠጣች፣ ተነፋች፣ ጠጣች፣ ተነፋች፣
በጠጣች ቁጥር ይበልጥ እየተጠማች፣
ባለችበት ዞረች፣ ሾረች እንደ እንዝርት፣
የደመና ባዘቶ እየሳበች ወደ ልቃቂት።
ቅዳሜ ስም አልነበራትም፤
ሰኞ ስም ወጣላት።

ስም ካነሳን አይቀር፣ እኔም ሁለት አለኝ፤
ለአፋቸው እንዲቀል ዘይነብ ነው የሚሉኝ፤
እውነተኛው ስሜ ፓስፖርቴ ላይ ቀርቷል፣
ፓስፖርቱም በኸልፋን ቁም ሣጥን ተቆልፏል።

ማክሰኞ ማታ መጣ።
መብራት ሄደ መጀመሪያ፣
ቀጥሎ የሱዌይድ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያ
እንደ ብራና ተቀዶ በረረ በላያችን፣
ጨው ጨው አለ ዝናቡ በምላሳችን።
ባሕሩ መንገድ ተሻግሮ መጣ እስከ በራፍ፣
ከበራፍ ገባ ወጥ ቤት፤ ማቀዝቀዣው ሲንሳፈፍ
አሮጊቷን አዝዬ ደረጃውን ወጣሁ፣
እቆጥር ነበር፣ አሥራ አንድ ላይ ረሳሁ።

ኸልፋን በሩን በጀርባው እንደ መወርወሪያ ደገፈ፣
የስንቱ ቤት ጩኸት በላያችን አለፈ።
«ዘይነብ፣» አለች በጆሮዬ፣ «እናትሽ ማን አለችሽ?
የሞት ሰዓት ደርሶ እንዴት በሰው ስም ልጥራሽ?»
«ዘነበች።» «ምን ማለት?» «ዝናብ መጣ ማለት፤
ሦስት ዓመት ደርቆ አገሩ፣ በተወለድኩባት ዕለት
ጠብ ብሎ ነው።»
ሳቀች። እውነቴን ነው፣ በዚያ ጨለማ ሳቀች፤
«ሙዝናም በእኛ ደመና ናት፣ ዝናብ ያረገዘች፤
እንግዲህ ይህን ጉድ እኛው ነን የጠራን።»
ጣሪያው እየጮኸ፣ ኸልፋን ሳይቀር ሳቅን።

ድንገት፣ ጸጥ።
እንደ ተዘጋ ቧንቧ፣ ነፋሱ ቁርጥ።
በተሰበረው መስኮት ኮከብ አየሁ ሲያበራ፣
ከታች በባትሪ ብርሃን ሰው ከሰው ሲጣራ፤
ኸልፋን ጫማ አላጠለቀም፣ «ጀልባዬን ልየው» አለ፣
በሩን የያዘው ጀርባ ከበሩ ተነቀለ።
«ዓይኑ ነው ልጄ! ዓይን ይጨፈናል! ተመለስ!» አለችው፤
«አሁን መጣሁ» ነበር ከደረጃው ሥር የሰማችው።

ከዚያ ተጨፈነ። ዞሮ መጣ በሌላ አቅጣጫ፣
ቀኛችንን የመታን፣ ግራችንን አቀመሰን ጡጫ።

ሲነጋ ባሕሩ እንደ ጠገበ ጥጃ ተኝቷል፣
ጥፋተኛ አይመስልም፤ ዳርቻውን ይልሳል።
መስጊዱ ደጃፍ ጀልባ፣ ጀልባ ማሰሪያው ላይ አልጋ፣
ኤሊ በትምህርት ቤት ሜዳ፣ ተገልብጣ፣ አየር ስትወጋ፤
ከሠላሳ ቤት የቆመው ዘጠኝ፣ እሱም ዓይነ ስውር፣
ሱዌይድ የልጆቹን ጫማ ከአሸዋ ሲቆፍር።
የኸልፋን ጀልባ ተገኘች፣ ከጨው ሜዳው ተሻግራ፤
ሞተሯ እንኳ ደህና ነው። እሱን ያየ የለም፣
ሦስት ቀን ሙሉ ብንጣራ።

ሙዝና አላለቀሰችም። ከደረጃው ሥር ቁጭ አለች፣
«አሁን መጣሁ ብሏል» ትላለች።

ቁም ሣጥኑን ውኃው ነው የከፈተው፣ ያለ ቁልፍ፤
ፓስፖርቴን ከጭቃ አወጣሁ፣ ገጹ እንደ እርጥብ ክንፍ፤
ፎቶዬ በግማሽ አለ፣ ስሜ ግን ፈሷል፣
ዘነበችን ዝናብ አጥቧል።

ነገ መርከብ ይመጣል አሉ፤ መሄድ የሻ ይሳፈርበት።
«ዘነበች!» ትላለች ከታች፣ ሳትስት፣ ሳይከብዳት።
ከግንቡ ላይ፣ ከተረፈው ዓሣ ጎን፣ ፓስፖርቴን አሰጣሁት፣
እስኪደርቅ፣ ድንጋይ ጭኜበት።